እንደራሴው በየትኛው ወር ይናገር?

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የዓመት ሥራውን የሚጀምረው በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ነው፤ የሚዘጋው ሰኔ 30። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 58 የተጻፈ ነው። የወሎ ደጋ ገበሬ ደግሞ የበልግ ገብሱን የሚዘራው በጥርና በየካቲት፣ የሚያጭደው በሰኔና በሐምሌ ነው። የማዳበሪያ ጉዳይ ምክር ቤቱ ውስጥ ጎልቶ የሚነሳው አገሩ ሁሉ ለመኸር ሽር ጉድ በሚልበት በግንቦትና በሰኔ ነው። እንግዲህ የደላንታ ወይም የጊዳን እንደራሴ በሰኔ ተነስቶ «ማዳበሪያ ዘገየ» ብሎ መንግሥትን ቢወቅስ፣ ወቀሳው ለጎጃም ገበሬ በጊዜው የደረሰ ነው፤ ለራሱ መራጮች ግን አምስት ወር አልፎበታል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው እንዲህ ላለው ነገር ነው።

የምክር ቤት አባል መንግሥትን ሲተች በቴሌቪዥን ያየ ሰው «አንጀቴን አራሰው» ይላል። ይገባኛል። ዝም ከሚል የሚናገር ይሻላል። ነገር ግን ንግግሩ ካለቀ በኋላ ምን ተለወጠ ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። እኔ የማምነው የእንደራሴ ትችት ሥራ የሚሠራው ውሳኔው ገና ሊቀየር በሚችልበት ወር፣ በኩንታልና በቀበሌ ተለክቶ ሲቀርብ እንደሆነ ነው። ወሎ ይህን ከሌላው አገር አብልጦ ማወቅ አለበት፤ ምክንያቱም የእኛ ቀን መቁጠሪያ ከአዲስ አበባው ጋር አይገጥምም።

በልግ በአገር አቀፍ ሒሳብ ትንሽ ነው። የበልግ እህል ከጠቅላላው ምርት ከአሥር እጅ አንዱን አይሞላም፤ ዕቅድ አውጪ ይህን ቁጥር ይዞ በልግን ወደ ጎን ቢለው ከቢሮው ሆኖ ሲታይ ስህተት አይመስለውም። ወሎ ላይ ግን አማካይ ቁጥር ያሳስታል። በመቄት፣ በዋድላ፣ በደላንታ፣ በለጋምቦ ከፍታዎች የመኸሩን ሰብል በክረምት በረዶ ይመታዋል፤ ከበረዶ የተረፈውን ከመስከረም ወዲያ ውርጭ ይጠብቀዋል። ዋልካው ሜዳ ላይ ደግሞ ውኃ ተኝቶበት ሥሩ ይበሰብሳል። ስለዚህ ዋናው አዝመራው በልግ የሆነ፣ መኸር ለድጎማ ብቻ የሚታረስበት ቀበሌ አለ። ወደ ቆላው ስንወርድ፣ በቆቦ፣ በሐብሩ፣ በቃሉና በባቲ፣ የበልግ ዝናብ ሌላ ሥራ ይሠራል። እንደ ደጋሊት ያለው ለመድረስ ረጅም ጊዜ የሚፈልግ ማሽላ የሚዘራው በሚያዝያና በግንቦት ርጥበት ነው። ርጥበቱ ከቀረ ገበሬው ማሽላውን ትቶ በሐምሌ ጤፍ ወይም ማሾ ይዘራል። ያን ጊዜ የቀረው እህሉ ብቻ አይደለም፤ አገዳውም ቀረ። አገዳ የከብት መኖ ነው፣ ማገዶ ነው፣ የጎጆ ማገርም ነው። አንድ በልግ ሲከሽፍ ደጋው ላይ የሐምሌ እንጀራ ይጎድላል፤ ቆላው ላይ በሬው በጥር የሚበላው ያጣል።

ማዳበሪያው ወሎ እስኪደርስ የሚያልፍበትን መንገድ ማወቅ ለተቺው ግዴታ ነው፤ ወቀሳው የት ላይ ማረፍ እንዳለበት የሚነግረው ይኸው መንገድ ነውና። ፍላጎት መጀመሪያ በቀበሌ በግብርና ባለሙያው ይሰበሰባል። ከዚያ ወደ ወረዳ፣ ወደ ዞን፣ ወደ ክልል፣ ወደ ግብርና ሚኒስቴር ይወጣል። ግዢውን የኢትዮጵያ ግብርና ሥራዎች ኮርፖሬሽን በዓለም አቀፍ ጨረታ ይፈጽማል። ሁለቱ የማዳበሪያ ዓይነቶች፣ ዩሪያውም ኤንፒኤሱም፣ ከውጭ የሚገቡ ናቸው፤ በጅቡቲ ወደብ ልቅ የመጣው በ50 ኪሎ ከረጢት ይሞላል። 60,000 ቶን የጫነ አንድ መርከብ 600,000 ኩንታል ማለት ነው። ባለተሳቢ መኪና 400 ኩንታል ያህል ስለሚጭን፣ ያን አንድ መርከብ ወደ አገር ለማስገባት 1,500 ጭነት ያስፈልጋል። ከዚያ የገበሬ ማኅበራት ኅብረት የሆነው የዩኒየን መጋዘን አለ፣ ከዚያ የገበሬዎቹ መሠረታዊ ማኅበር፣ ከዚያ መንገድ በሌለበት የአህያ ጀርባ።

ከእነዚህ ማሰሪያዎች አንዱ ሲላላ ጥፋቱ የተለያየ መልክ አለው። ቀበሌው የዓመቱን ፍላጎት በጥቅል «ይህን ያህል ኩንታል» ብሎ ከላከ፣ በልግ ከመኸር ሳይለይ ይቀልጣል፤ ከዚያ በኋላ ላይ ያለ ማንም ባለሥልጣን ቢፈልግ እንኳ ለይቶ ሊያይ አይችልም። የውጭ ምንዛሬ ዘግይቶ ከተፈቀደ ጨረታው ያሸነፈው ነጋዴ አይጭንም፤ ይህ የብሔራዊ ባንክና የገንዘብ ሚኒስቴር ጉዳይ ነው እንጂ የግብርና አይደለም። መርከቡ ደርሶ መኪና ከጠፋ ጥያቄው ወደ ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ይዞራል። ሁሉ ደርሶ መሠረታዊ ማኅበሩ እጅ ላይ ገንዘብ ከሌለ ከዩኒየኑ አያነሳም። «ማዳበሪያ የለም» የሚለው አንድ ዐረፍተ ነገር አራት የተለያዩ መሥሪያ ቤቶችን ይደብቃል፤ የተደበቀው መሥሪያ ቤት ደግሞ መልስ አይሰጥም።

በተግባር የበልግ ገበሬ የሚያገኘው ከአምናው የመኸር ክምችት የተረፈውን ነው። አዲሱ ግዢ ጥር ላይ ገና ባሕር ላይ ወይም ወደብ ላይ ሊሆን ይችላል። የተረፈው ከረጢት መጋዘን ውስጥ ክረምቱን ያሳለፈ ስለሆነ ዩሪያው ርጥበት ስቦ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል። ገበሬው በዱላ ወቅጦ ይፈጭና ይበትነዋል፤ ደቃቁ አንድ ቦታ ይበዛል፣ ጓሉ ሌላ ቦታ ያቃጥላል። ይህን ከተማ ያለ ሪፖርት አያሳየውም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ሚኒስትሮች «ዘግይቶም ቢሆን ተሠራጭቷል» ብለው እንዳያመልጡ የሚይዛቸው ይህ ነውና። ሁለቱ ማዳበሪያዎች አንድ አይደሉም። ብዙ ገበሬ ዛሬም በተተካው በቀድሞው ማዳበሪያ ስም ዳፕ እያለ የሚጠራው ኤንፒኤስ ከመቶው 19 ናይትሮጅን፣ 38 ፎስፌት፣ 7 ሰልፈር አለው። ዩሪያ 46 ናይትሮጅን ብቻ ነው። ፎስፈረስ አፈር ውስጥ አይንቀሳቀስም፤ ካረፈበት ቦታ ጥቂት ሚሊ ሜትር እንኳ ፈቀቅ ለማለት ይቸግረዋል። ስለዚህ ኤንፒኤስ ከዘሩ ጋር፣ በፈሩ ውስጥ፣ ሥሩ በሚደርስበት መውደቅ አለበት። ገብሱ ከበቀለ ከወር በኋላ የደረሰ ኤንፒኤስ ከላይ ቢበተን ለዚያ ዓመት ሰብል የሚሰጠው እዚህ ግባ አይባልም። ዩሪያ ግን በሁለት ጊዜ ይሰጣል፤ ጥቂቱ በዘር ጊዜ፣ የቀረው ሰብሉ ሲያጎነቁል፣ ከ30 እስከ 45 ቀን ባለው ጊዜ። ዩሪያ ደረቅ መሬት ላይ ፀሐይ ሲመታው ወደ አየር ይተናል፤ ውኃ በተኛበት ዋልካ ላይ ደግሞ ናይትሮጅኑ ባክኖ ይቀራል። ዝናብ ዘንቦ መሬቱ ረጥቦ፣ ውኃው ግን ከተንጣለለ በኋላ ሳይሆን ከተጠነፈፈ በኋላ ነው የሚበተነው። በልግ ላይ እንዲህ ያለ ቀን በሳምንት አንዴ ቢገኝ ነው።

ስለዚህ በየካቲት ያልደረሰ 100 ኩንታል ኤንፒኤስ በሚያዝያ ቢደርስ፣ ወረቀት ላይ መቶ ነው፤ ለበልጉ ገብስ ዜሮ ነው። «የተሠራጨ» በሚለው ዓምድ ስር ሁለቱም አንድ ቁጥር ሆነው ይታያሉ። የሕዝብ ተወካይ ሊሰነጥቀው የሚገባው ይህንን ዓምድ ነው።

መጠኑን ወደ አንድ ቤት እናውርደው። ለዘመናት ሲመከር የኖረው መጠን በሄክታር 100 ኪሎ ዳፕና 100 ኪሎ ዩሪያ ነው። አራት ጥማድ አንድ ሄክታር ብንል፣ ሁለት ጥማድ ያለው የወሎ ገበሬ ከእያንዳንዱ አንድ አንድ ከረጢት ይበቃዋል። ማኅበሩ ጋ እጥረት ሲኖር አንዱን ከረጢት ለሁለት አባወራ ይሰጣሉ። ሚዛን ካለ ደህና፣ ከሌለ በጣሳ ይከፈላል። 25 ኪሎ ለሁለት ጥማድ ሲበተን ግማሽ መጠን ነው፤ ገበሬው ይህን ስለሚያውቅ ወይ አንዱን ጥማድ ብቻ አዳብሮ ሌላውን ይተወዋል፣ ወይ ግማሿን ለጎረቤት ሸጦ ዘር ይገዛበታል። ከዚህ በኋላ ባለሥልጣን መጥቶ «ገበሬው ማዳበሪያውን ሸጠው» ይላል። ለምን ሸጠው የሚለው መልስ ግን ከረጢቱ የተከፈለ ዕለት ነበር።

እንግዲህ የተለመደውን ጥያቄ እንየው። «በወሎ የማዳበሪያ እጥረት ሕዝቡን እያማረረ ነው፤ መንግሥት ምን እየሠራ ነው?» ለዚህ የሚሰጠው መልስ ከመጠየቁ በፊት ይታወቃል፦ ዘንድሮ የተገዛው ከአምናው ይበልጣል፣ ወደብ ላይ ይህን ያህል ደርሷል፣ የቀረው በመጓጓዝ ላይ ነው። ሁሉም እውነት ሊሆን ይችላል። የደላንታው ገበሬ ግን አልተመለሰለትም።

ያው ሰው በኅዳር ተነስቶ እንዲህ ቢልስ? «ለደላንታ፣ ለዋድላ፣ ለመቄትና ለጊዳን ወረዳዎች ለበልግ ብቻ ተለይቶ የተያዘው ኤንፒኤስ ስንት ኩንታል ነው? እስከ ጥር 15 በመሠረታዊ ማኅበራት መጋዘን ውስጥ የሚገባው ስንቱ ነው? ከአምናው የተረፈው ክምችት የሚሸጠው በተገዛበት ዋጋ ነው ወይስ በአዲሱ? ጥር 15 ካልደረሰ ተጠያቂው የትኛው መሥሪያ ቤት ነው?» ይህ ጥያቄ በአገር አቀፍ ድምር አይሸፈንም። ቀን አለው፤ ቀኑ ሲያልፍ ጠያቂው በየካቲት ተመልሶ «ጥር 15 አልፏል፣ ስንት ገባ?» ሊል ይችላል። አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 17 ለምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን ጠርቶ የመጠየቅና የአስፈጻሚውን አሠራር የመመርመር ሥልጣን ይሰጠዋል። መርማሪ ያለ ቀንና ያለ መጠን ምን ይመረምራል?

ከማዳበሪያ ወጥተን ወደ ትልልቆቹ ውሳኔዎች ስንመጣ የወር ጉዳይ ይበልጥ ይከብዳል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ምክር ቤቱ ሰኔ 30 ከተዘጋ ሦስት ሳምንት አልፎት ነበር። በአንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 10 የገንዘብና የፋይናንስ ፖሊሲ የሚያጸድቀው ይኸው ምክር ቤት ነው። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በመጀመሪያው ቀን ወደ 75 ተጠጋ፤ በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። ውሳኔው ትክክል ነው አይደለም በሚለው ላይ ሰዎች ሊለያዩ ይችላሉ፤ ይፋዊውና የጥቁር ገበያው ዋጋ እንደዚያ ተራርቆ መኖር እንደማይችል የሚሉት ኢኮኖሚስቶች ክርክራቸው ቀላል አይደለም። እኔን የሚያንገበግበኝ እንደራሴዎቹ በወንበራቸው ላይ ሳይኖሩ መታወጁ ነው። ስለ ደመወዝተኛው፣ ስለ ማዳበሪያው፣ ስለ መድኃኒቱ መጠየቅ የነበረበት ሰው የመጀመሪያውን ዕድል ያገኘው ዋጋው ገበያ ላይ ካደረ ከሁለት ወር በኋላ ነው። በ2017 ዓ.ም. የተያዘው 971.2 ቢሊዮን ብር በጀት ስላልበቃ በኅዳር 582 ቢሊዮን ብር ገደማ ተጨማሪ በጀት ቀረበ። ከመጀመሪያው በጀት ከግማሽ በላይ የሚሆን ጭማሪ ነው፤ የፖሊሲው ክርክር በበጀት ጭማሪ ስም ተካሄደ።

ክረምት ላይ የሚወድቅ ውሳኔ ይህ ብቻ አይደለም። የነዳጅ ድጎማው ለተመረጡ ተሽከርካሪዎች ብቻ ሆኖ ቀስ በቀስ እንዲነሳ የተጀመረው በ2014 ክረምት ነው። በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የታወጀው ሐምሌ 28 ቀን 2015፣ ምክር ቤቱ ያጸደቀው ነሐሴ 8 ነው። ሕገ መንግሥቱ ምክር ቤቱ በሥራ ላይ ከሆነ በ48 ሰዓት፣ ካልሆነ በ15 ቀን ይቅረብለት ይላል። ልዩነቱን አስቡት፦ ሁለት ቀን ወይስ ሁለት ሳምንት።

የነዳጅ ውሳኔ ወሎ ላይ እንዴት እንደሚደርስ ለመከታተል ብዙ መመራመር አያስፈልግም። በታኅሣሥ 2017 መጨረሻ የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ ከ100 ብር አለፈ፤ ናፍጣም አብሮ ወጣ። ደሴ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ነው፤ ጨው፣ ዘይት፣ ሳሙና፣ የቤት ክዳን ቆርቆሮ ሁሉ በናፍጣ ይመጣል። ከደሴ ወደ ወገል ጤና፣ ወደ አጅባር፣ ወደ መካነ ሰላም ሲዞር ዳገትና ጠመዝማዛ ስለሆነ በኪሎ ሜትር የሚበላው ነዳጅ ከሜዳው ይበልጣል። ስለዚህ አንድ ዓይነት የዋጋ ጭማሪ ታውጆ ሩቅ ዳገት ላይ ያለው ሰው አብልጦ ይከፍላል። ገበሬው በተቃራኒው አቅጣጫ እህሉን ሲሸጥ ደግሞ ነጋዴው የትራንስፖርቱን ቀንሶ ነው የሚገዛው። ሁለት ጊዜ ተከፈለ። የምክር ቤት አባል ይህን ለማሳየት የሚያስፈልገው አንድ ወረቀት ነው፦ የኩንታል ማጓጓዣ ከጭማሪው በፊት ስንት ነበር፣ በኋላስ ስንት ሆነ፣ ከየት እስከ የት።

በዚህ ላይ ባቡሩ አለ። የአዋሽ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐራ ገበያ የባቡር መስመር ሥራው በ2007 ዓ.ም. ተጀመረ፤ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ የውሉ ዋጋ 1.7 ቢሊዮን ዶላር፣ ተቋራጩ የቱርኩ ያፒ መርከዚ። አዋሽ ላይ ከጅቡቲው መስመር ጋር እንዲገናኝ የታሰበ ነው። ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ አለ፤ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ደግሞ በሐምሌ 2009 ተመርቋል። ሐዲዱ ከአዋሽ እስከ ኮምቦልቻ ተነጥፎ አልቋል ከተባለ ዓመታት አልፈዋል፤ የንግድ ባቡር ግን አልሄደበትም፤ በ2014ቱ ጦርነት ደግሞ ጉዳት ደረሰበት። ሥራው ሲጀመር አንድ ዶላር 20 ብር ገደማ ነበር፤ 1.7 ቢሊዮን ዶላር ያኔ 34 ቢሊዮን ብር ነው። ዶላሩ 100 ብር ሲሆን ያው ዶላር 170 ቢሊዮን ብር ሆነ። ከዕዳው የተከፈለም ያልተከፈለም አለ፤ ቁጥሩን ያነሳሁት የዘገየ ፕሮጀክት በምንዛሬ ምክንያት ተኝቶም እንደሚከብድ ለማሳየት ነው።

ባቡርን የሚተች እንደራሴ «መቼ ይጠናቀቃል?» ብሎ ከጠየቀ መልሱ «በቅርቡ» ነው። ሐዲድ ብቻውን ባቡር አይደለም። የኃይል ማከፋፈያ ጣቢያዎቹ መብራት ገብቶላቸዋል ወይ? ሎኮሞቲቭና ፉርጎ ተገዝቷል ወይ፣ በየትኛው በጀት? የተሰረቀው ወይም የተቆረጠው ሽቦ ስንት ኪሎ ሜትር ነው? ማን ያስተዳድረዋል? እነዚህ አራት ጥያቄዎች አራት የተለያዩ መልሶች አሏቸው፤ ከእነሱ ውስጥ አንዱ «አልታሰበበትም» ከሆነ ችግሩ እዚያ ነው። መሬቱን ለሐዲዱ የለቀቀ የቃሉ ገበሬ ይህን የማወቅ መብት አለው።

ወሎ ስለ ዝምታ ዋጋ የሚነግረው ሌላ ሰው አያስፈልገውም። በ1964 ክረምቱ አነሰ፣ የ1965 በልግ ከሸፈ። በጊዜው ፓርላማ ነበር፤ የ1948ቱ ሕገ መንግሥት የሕዝብ እንደራሴዎች እንዲመረጡ ፈቅዶ፣ ከዚያ ወዲህ ይመረጡ ነበር። ሰዉ ግን ከቆቦ እስከ ኮምቦልቻ በአስፋልቱ ዳር እየወደቀ፣ ነገሩ አገር ያወቀው በዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች፣ ከዚያም በጥቅምት 1966 በውጭ አገር በታየ ፊልም ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ወሎን የጎበኙት በኅዳር 1966 ነው። አጣሪ ኮሚሽን የተቋቋመው በዚያው ዓመት መገባደጃ፣ ሰው ካለቀ በኋላ። ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ በሚባልበት አገር እንደራሴው አፉን የሚከፍተው ሁሉም ከተናገረ በኋላ ነበር።

ከዚያ ረሃብ ለዛሬ ተቺ የሚጠቅም አንድ ነገር አለ። ደሴ ገበያ ላይ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም ነበር፤ እንዲያውም እህል ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ ይወጣ ነበር። ሰዉ የሞተው እህል ከገበያ ስለጠፋ ብቻ አይደለም፤ የሚገዛበት ስላጣ ነው። ከብቱ አልቋል፣ በሬው በርካሽ ሄዷል፣ የቀን ሥራ የለም። ስለዚህ «መጋዘን ውስጥ እህል አለ» የሚል መልስ አንድን እንደራሴ ሊያረካው አይገባም። ሊጠይቅ የሚገባው አንድ ፍየል ባቲ ሰኞ ገበያ ላይ ስንት ኪሎ ማሽላ ትገዛለች የሚለውን ነው። ይህ ቁጥር ለሦስት ተከታታይ ሳምንት ከወረደ ረሃብ መንገድ ጀምሯል፤ የሳተላይት ምስል እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም። በ1977 ደግሞ የተመረጠ ምክር ቤት ጭራሽ አልነበረም፤ ሸንጎው የተመረጠው በ1979 ነው። ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ በሠፈራ ሲጓዝ «ይህ ሰው ፈቅዶ ነው?» ብሎ በስብሰባ የሚጠይቅ ወንበር አልነበረም። ዛሬ ወንበሩ አለ።

ወንበሩ ላይ መናገር ቀላል ነው አልልም። አንቀጽ 54 አባሉ በምክር ቤቱ በሰጠው ድምፅ ወይም አስተያየት እንደማይከሰስ፣ ተገዢነቱም ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው እንደሆነ ይናገራል። ሆኖም የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ ሰብሳቢ የነበሩት ክርስቲያን ታደለ በ2015 ክረምት ታስረው፣ ያለመከሰስ መብታቸው የተነሳው ከወራት በኋላ በ2016 ነው። ይህን ያየ አባል ንግግሩን ቢመዝን ማን ይፈርድበታል? ቁጥሩም ሌላ ግድግዳ ነው። በሰኔ 14 ቀን 2013 ምርጫ በመጀመሪያ ውጤታቸው ከታወቀው 436 መቀመጫዎች 410ሩን ገዢው ፓርቲ ወሰደ። አስፈጻሚው በተሰጠው ሥልጣን ጉዳይ ላይ ምክር ቤቱ እንዲወያይ ለማስገደድ የአባላቱ አንድ ሦስተኛ መጠየቅ አለበት፤ 547 ወንበር ሙሉ ቢሆን 183 ሰው ማለት ነው። ተቃዋሚ ብቻውን አይደርስበትም።

እዚህ ላይ ከብዙ ሰው ጋር አልስማማም። ተቃዋሚው ይናገራል፣ የገዢው ፓርቲ አባል ያጨበጭባል ተብሎ ተደምድሟል። በልግ ግን ፓርቲ የለውም። የደላንታን ሕዝብ ወክሎ የተቀመጠው የገዢው ፓርቲ አባል በጥር ስንት ኩንታል እንደገባ ቢጠይቅ ፓርቲውን ከዳ የሚለው የለም፤ ጥያቄው የፖለቲካ ሳይሆን የመጋዘን ነው። ቋሚ ኮሚቴ ውስጥ፣ ካሜራ በሌለበት፣ የበጀት ረቂቅ በግንቦትና በሰኔ ሲታይ የሚነሳ እንዲህ ያለ ጥያቄ ከመድረኩ ጩኸት አብልጦ ይሠራል። ግን ቁጥሩን የሚሰጠው ሰው ያስፈልገዋል፤ ቁጥሩ ያለው ደግሞ ቀበሌ ላይ ነው።

ለዚህ ወሎ ቅሬ አለው፤ ሌላው አገር ዕድር የሚለው ነው። ቅሬ መዝገብ ይይዛል፣ በወር ይሰበሰባል፣ አባላቱ ይተማመናሉ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ የሚቀመጥበት ሰፈር ብዙ ነው። የቅሬው ጸሐፊ በዚያው ደብተር መጨረሻ ገጽ ላይ ጥቂት ነገር ቢጨምር ይበቃል። ማዳበሪያ ማኅበሩ ጋ የደረሰበት ቀን፤ ዓይነቱ፣ ኤንፒኤስ ወይስ ዩሪያ፤ የከረጢቱ ብዛትና የተሸጠበት ዋጋ፤ ስንት አባወራ ሙሉ፣ ስንቱ ግማሽ፣ ስንቱ ባዶ እጁን ተመለሰ። ከዚህ ቀጥሎ በየሳምንቱ ገበያ የአንድ ፍየልና የአንድ ቁና ገብስ ወይም ማሽላ ዋጋ። የሴፍቲ ኔት ተጠቃሚ ካለ ክፍያው የየትኛው ወር እንደሆነና በየትኛው ቀን እንደገባ፤ የየካቲት ክፍያ በግንቦት ሲመጣ በመካከሉ በግ ተሸጧልና። የሰው ስም አይጻፍ። ስም ያለበት ወረቀት ሰው ላይ ጣጣ ያመጣል፤ ቁጥርና ቀን ግን ማንንም አይጎዳም። ከ2015 ማብቂያ ወዲህ በክልሉ ባለው ግጭት መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ ስላለ፣ መኪና ያልደረሰበት ሳምንትም «መንገድ ተዘግቷል» ተብሎ ይመዝገብ። ይህ ካልተለየ የጦርነቱ ጥፋትና የቢሮው ጥፋት ይደበላለቃሉ፤ ቢሮው ደግሞ ሁሉን በጦርነት ያሳብባል።

አሥር ቅሬዎች እንዲህ ያለ ገጽ ቢይዙ ወረዳው ያልሰበሰበው መረጃ ይሆናል። ገጹ በሁለት ቅጂ ይገለበጣል፤ አንዱ ለእንደራሴው፣ አንዱ ለግብርና ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ። እንደራሴው ምክር ቤቱ ሲዘጋ ወደ መራጮቹ በሚወርድበት በክረምቱ ወራት ይሰጠዋል እንጂ ታኅሣሥ ላይ በስልክ አይደለም። በጥቅምት ወረቀቱ በእጁ ከሆነ በኅዳር ይጠይቃል። በኅዳር ከጠየቀ አንድ የኮምቦልቻ መጋዘን ኃላፊ የተረፈውን ክምችት ለመቁጠር ታኅሣሥ ሙሉ ጊዜ አለው፤ መኪናውም ደላንታ ዳገት ላይ በደረቁ ይወጣል። ጥር አጋማሽ ላይ ገበሬው ዘሩን ከጎታ ያወጣል።